ስፒከሩስ ደህና ነበር

ባንዱ ውስጥ ሁሉም «ወፍራሙ» ነበር የሚሉት። ስሙን ሰምቶ መልኩን ያየ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ሰውየው ነፋስ ገፋ ቢያደርገው የሚወድቅ የሚመስል፣ ቀበቶው ላይ በሚስማር ተጨማሪ ቀዳዳ የበሳ ቀጫጫ ነውና። ስሙ የወጣለት በሚጫወተው ወፍራም ክር ነው። ከጉርምስናው ጀምሮ ቤዝ ጊታር ሲጫወት ኖሯል፤ በሰርግ፣ በምረቃ፣ እሁድ ከሰዓት በሆቴል ግቢ። ዘፋኟ ስትዘፍን ሰው ዘፋኟን ያያል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶቹን ሲያርመሰምስ ሰው ያጨበጭባል። ወፍራሙን ልብ የሚለው የለም። እሱም እንደዚያ መሆኑን ይወደው ነበር። «መጫወት ካላቆምኩ በቀር ማንም አያየኝም» እያለ ይቀልዳል።

አንድ የሰርግ ምሳ ላይ የቤዙ ድምፅ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ መሰለው። ከታች ያሉት ድምፆች አሉ፣ ግን የሉም። ወዲያው የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ሳጥን፣ አምፑን፣ ጠረጠረ። አምፑ ሲገዛውም ያገለገለ ነበር፤ ጥግ ጥጉ ተልጧል፣ እጀታው በሽቦ ታስሯል። እናም ኪሱ የሳሳ ሙዚቀኛ ሁሉ እንደሚያደርገው ከርካሹ ጀመረ። ገመዱን ቀየረ። ክሮቹን ቀየረ። የአምፑን ጀርባ ፈትቶ ማዞሪያዎቹን አጸዳ፤ የስፒከሩን ወረቀት በአውራ ጣቶቹ ቀስ አድርጎ እየገፋ የሚፋጭ ነገር እንዳለ አዳመጠ። ምንም የለም። ቀጥሎ ኮምፕረሰር የሚሉትን ፔዳል ገዛ፤ አንዴ የሚጮኸውን አንዴ የሚጠፋውን ድምፅ አስተካክሎ የሚያወጣ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። እሱም አልበጀው። ሌላ ፔዳል ጨመረ፣ የታችኛውን ድምፅ ለብቻው ከፍ የሚያደርግ። ለዚያ ፔዳል ሲል ለዝናቡ ሊገዛ ያሰበውን ጫማ ተወ።

ከታናሽ እህቱ ጋር ነበር የሚኖረው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእናታቸው ወደ ወረሱት ቤት አብረው ገብተዋል፤ እሷ የፊተኛውን ክፍል ጸጉር ቤት አድርጋዋለች። አንድ ጠዋት ማበጠሪያዋን እንደያዘች ሮጣ ገባች።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው የገዛኸው? መስታወቱ እኮ ከግድግዳው ሊወርድብኝ ነው!»

«ይሰማሻል እንዴ?» አላት።

«ይሰማሻል ይለኛል! የጎረቤት ሕፃን ተነስቶ እሪ ብሏል።»

ሳቀ። እሷ የሙዚቃ ነገር የት ይገባታል ብሎ አለፈው።

ባንዱ ውስጥ ግን ነገሩ እየከረረ ሄደ። ኪቦርድ ተጫዋቹ የባንዱም አለቃ ነው፤ ሰው ማስቀየም የማይወድ፣ ለመናገር ሲፈልግ መጀመሪያ የሚስል ሰው። አንድ እሁድ በእረፍት ሰዓት ስሎ ስሎ እንዲህ አለው፦

«ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንስልን። ዘፋኟ የራሷን ድምፅ መስማት አልቻለችም።»

የወፍራሙ ደም ፈላ። ነገሩ ገብቶኛል አለ በልቡ። ዘንድሮ ስንቱ ባንድ ቤዝ ተጫዋቹን አሰናብቶ ቤዙን በኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ አስጨርሷል! ሊያባርረኝ ሰበብ እየፈለገ ነው። እንዲያግዘው ወደ ድራመሩ ዞረ። ድራመሩ የልብ ወዳጁ ነው፤ ብዙ ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠው ተጫውተዋል፣ አንዱ የሌላውን ዘመድ ድሯል፣ ቀብሯል።

«አንተ እንኳ በል እንጂ! እየሰማህ አይደለም?»

ድራመሩ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። ብሎኑ ጠብቆ አልቋል፤ እሱ ግን ያጠብቃል። «እስቲ ተወው አሁን፣ ሰው እየመጣ ነው» አለ ቀና ሳይል።

ወፍራሙ ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ቆርጦ ነበር። አዲስ አምፕ ይገዛል። ለጣራው ቆርቆሮ የተቀመጠውን ገንዘብ ሊያወጣበት ነው። እህቱ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው፤ «ጣራው የሚያፈሰው በእኔም ራስ ላይ ነው።»

ያገለገለ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ነበር። ባለቤቱን ሙዚቀኛው ሁሉ አባ ሶኬት ይለዋል። መነጽሩን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ መበየጃውን በጆሮ ግንዱ ላይ እንደ እርሳስ ሊሰካው የሚቃጣው ሰው ነው። ዕቃ ከመሸጡ በፊት ምክር ይሰጣል፤ ምክሩም ነጻ ነው።

«ግዙፉን አትይብኝ» አለው ወፍራሙን። «ደረጃ ብቻህን ተሸክመህ የምትወጣውን ግዛ። አዳራሹ የራሱ ድምፅ ማጉያ ካለው በገመድ ትልክለታለህ፤ ያንተ አምፕ ላንተ ለራስህ ከተሰማህ በቂ ነው። መብራት የበዛበትን ደግሞ ተወው፤ መብራት አይሰማም።»

«አምጣ፣ ልሞክረው።»

ትንሹን ሞከረ፤ ራሱን ነቀነቀ። መካከለኛውን ሞከረ፤ ፊቱን አኮሳተረ። ትልቁ ላይ ሲደርስ ማዞሪያውን ከፍ አደረገ፣ ደግሞ ከፍ አደረገ። የመደርደሪያው መስታወት መንቀጥቀጥ ያዘ። ከመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ ጠመንጃ መፍቻ ተንከባልሎ ወደቀ። የጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽሩን ካይኑ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ልፍስፍስ ነው» አለ ወፍራሙ። «ዕቃህ ሁሉ አንድ ነው። ከታች ምንም የለውም።»

አባ ሶኬት መነጽሩን አድርጎ አየው። ከዚያ እህቱን አየ። እሷ ተነስታ ማዞሪያው ላይ ባለው እጁ ላይ እጇን ጣል አደረገች፤ አብራው ወደ ታች አዞረችው።

«ወንድም ጋሼ፣ በቃ።»

ተቆጥቶ ወጣ። ጊታሩን በጀርባው አዝሎ በሰው መሃል እየተጋፋ ሄደ። ጥቂት እንደተራመደ አንድ የማያውቀው ሰው ክንዱን ነካ አድርጎ ወደ ኋላው ጠቆመው። ዞር ሲል እህቱ እያለከለከች ደረሰች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ስጠራህ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ዞሮልኛል፣ አንተ ብቻ ነህ ያልዞርከው።»

«መንገዱ ይጮሃል።»

«መንገዱ አይደለም» አለችው። እጅጌውን ይዛ አለቀቀችውም። «ስፒከሩስ ደህና ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ሁሉም ደህና ነበሩ። የቤታችንም ደህና ነው።»

ሊቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ግን እጅጌውን አላስለቀቀም። ነገሩ ዱብ ዕዳ አልሆነበትም። በልቡ አንድ ጥግ ያውቀው ነበር፤ ገመድ ሲቀይር፣ ክር ሲቀይር፣ አንዱን ፔዳል ባንዱ ላይ ሲደርብ የኖረው ያንን ላለማወቅ ነው።

እህቱ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሟ መስታወት ባለው ጠባብ ክፍል አስቀምጣ ማዳመጫ አጠለቀችለት፤ እጁ ላይም ትንሽ ቁልፍ ሰጠችው። «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ» አለችው። ቀጫጭኖቹን ሰማ፣ ተጫነ። ድምፆቹ እየወፈሩ ሲመጡ ግን ዝምታው ሰፋ። ቁልፉን እንደያዘ ጠበቀ። ያኔ አንድ ነገር ልብ አለ፦ ድምፆቹ ሲመጡ የነበሩት በእኩል እረፍት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ይኸው አይደል? በሆዱ እየቆጠረ፣ መምጣት ባለበት ቦታ ላይ መጫኑን ቀጠለ። አንድም ምት አልሳተም።

ሐኪሟ በሩን ከፈተች። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። «ጌታዬ፣ መጨረሻ ላይ ሲጫኑ እኔ ምንም ድምፅ አልላክሁም። ስልክ ላነሳ ብዬ አቁሜው ነበር።»

ኩረጃ እንደተያዘበት ተማሪ አንገቱን ደፋ።

ብዙ ሰው ላይ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ እንደሆነ፣ እሱ ላይ ግን ከታች እንደጀመረ፣ የጠፋውን መመለስ እንደማይቻል፣ የቀረውን ለማቆየት እንደሚሞክሩ ነገረችው። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሲነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

ውጭ ሲወጡ እህቱን፣ «ስንት ድምፅ እያለ!» አላት። «የወፉን ቢወስድ፣ የበሩን ደወል ቢወስድ። መርጦ መርጦ የኔን!» እሷ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ቢሆንም ወዲያው እጅ አልሰጠም። አባ ሶኬት ነገሩን ሲሰማ አንጀቱ አልችል ብሎት አንድ ነገር ሠራለት፦ ከሥሩ የተገጠመ ከባድ ብረት የሚያርገፈግፈው የእንጨት ጣውላ። ቤዙ ሲመታ ጣውላው ይንቀጠቀጣል፣ ላዩ ላይ የቆመው ሰው ድምፁን በእግሩ ያገኘዋል። ወፍራሙ ጣውላው ላይ ወጥቶ አንዱን ክር ሲመታ ንዝረቱ ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ ወጣ። እንደ ሕፃን ሳቀ። «አገኘሁት!» አለ። «ይኸው፣ አለ!»

ልምምድ ላይ ይዞት ሄደ። የመጀመሪያው ዘፈን በሰላም አለፈ፣ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ዘፋኟ ጉሮሮዋን ስላመማት የዘፈኑን ቅኝት ትንሽ ዝቅ አድርገን እንጫወተው አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም አብሮ ነቀነቀ፤ የተባለውን ግን አልያዘውም። ጀመሩ። ጣውላው መቼ እንደመታ ይነግረዋል፣ ምን እንደመታ አይነግረውም። ዓይኑን ጨፍኖ በድሮው ቦታ ተጫወተ፤ ጉልበቱ ድረስ እየተሰማው፣ ደስ እያለው።

ዓይኑን ሲገልጥ ዘፋኟ ማይክራፎኑን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ድራመሩ ብቻ ነበር የሚመታው። ዓይኑን ከወፍራሙ ላይ ሳይነቅል፣ ብቻውን እንዳይሆን ብሎ፣ ይመታል።

ወፍራሙ ገመዱን ነቀለ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ሁለቱ ቀሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» ሲል ጠየቀው።

«ቆየሁ» አለ ድራመሩ። አፉን እንዲያይለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። «ዘፈን ላይ ስትገባ ትልቁን ከበሮ የምመታበትን እግሬን እያየህ ነበር። ድሮ አታየኝም ነበር። ከዚያ እኔም እግሬን ከፍ አድርጌ መምታት ጀመርኩ፣ በደንብ እንዲታይህ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ታቆማለህ። አንተ ካቆምክ አጠገቤ ማን ይቆማል?»

ወፍራሙ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የነቀለውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። በማግስቱ አለቃው ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ስሎ ስሎ፣ ባንዱ ያንተ ነው፣ ማንም ሂድ አይልህም አለው። ከስድብ ይልቅ ያ ደግነት ጎዳው። «ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ ወፍራሙ። «በግራ እጅህ ግን እንዳትጫወተው። ሰው ፈልጉ።»

ሰው ተገኘ። ገና ትምህርቷን የጨረሰች፣ እጇ ፈጣን፣ ዓይነ አፋር ሴት ናት። ድራመሩ ወደ ቤት ይዟት መጣ። የምትጫወትበት ጊታር የራሷ ነው፤ ሌላ ግን ምንም የላትም።

«ጋሼ፣ ያለኝ ገንዘብ ጥቂት ነው» አለች አንገቷን ቀና ሳታደርግ። «ምን ልግዛ? እርስዎን ጠይቂ ብለውኛል።»

እህቱ ደነገጠች፤ ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ጫማውን አጥልቆ ተነሳ።

መንገዱን ሙሉ አወራት። መጀመሪያ ጥሩ ገመድ ግዢ፣ ርካሽ ገመድ መሃል ዘፈን ላይ ያዋርድሻል። ፔዳል ካስፈለገሽ ክርሽ መቃኘቱን የሚያሳየውን አስቀድሚ፤ የቀረው ይቆይ። ብዙ ፔዳል የደረደረ ሰው የሚያስደስተው ራሱን ነው። አምፕ ስትመርጪ ብቻሽን ሞክረሽ አትወስኚ፤ ለብቻው የሚጥመው ድምፅ ከከበሮ ጋር ሲሆን ይጠፋል፣ ድራመሩ እንዲመታልሽ ይዘሽው ሂጂ። ድራመሩ ከኋላቸው አንድ ጥንድ የከበሮ መምቻ ይዞ ይከተላል፣ እህቱም አብራ ነበረች።

አባ ሶኬት መካከለኛውን አምፕ አወጣላት። ድራመሩ አንድ ባዶ ሳጥን ላይ መምታት ጀመረ፣ እሷም ገባች። ወፍራሙ ግራ እጇን አየ። ጣቷ የት እንዳረፈ፣ የትኛውን ክር እንደያዘች፣ መቼ እንደለቀቀች ያውቃል፤ እያንዳንዱ በውስጡ ይደወላል። አንድ ቦታ ላይ እሱ ሁልጊዜ የሚቸኩልበትን ቦታ ታግሣ አለፈችው። ጎበዝ ናት።

ስትጨርስ ቀና አለች። «እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

አባ ሶኬት ያልተበላሸ ሶኬት አንስቶ መፍታት ጀመረ። እህቱ መሬት መሬት አየች። ወፍራሙ ጥሩ ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም።

«እኔ አልሰማሁትም፣ ልጄ» አለ። በሰው ፊት እንዲህ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «እሱን ጠይቂው። ለኔም የሚሰማልኝ እሱ ነበር።»

ድራመሩ መምቻዎቹን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠ። «ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው።»

«እንግዲያው ውሰጂው።»

ወፍራሙ ዛሬ ከአባ ሶኬት ጋር ይሠራል። የገመድ መሰኪያ ይበይዳል፣ የተሰበረ ማዞሪያ ይቀይራል፣ ኪሳቸው የሳሳ ሙዚቀኞች ሲመጡ ምን እንደሚበጃቸው ይመክራቸዋል፤ ድምፁን መፈተን ሲያስፈልግ አባ ሶኬትን ይጠራል። ድራመሩ እየመጣ ይጠይቀዋል፤ አዲሷ ልጅ እንዴት እንደምትጫወት ግን ካልጠየቀው አይነግረውም። እሱም አይጠይቅም።

እሁድ ከሰዓት ቤት ነው። አልፎ አልፎ ጊታሩን አውርዶ፣ ምንም ላይ ሳይሰካው፣ አገጩን ከእንጨቱ አጣብቆ ወፍራሙን ክር ይመታል። አንዳንድ ቀን በአጥንቱ በኩል የሆነ ነገር ይመጣለታል፤ እየቆየ ሲሄድ የሚመጣባቸው ቀኖች እያነሱ ነው። እህቱ በዚያን ሰዓት ፎጣ ልታሰጣ ስታልፍ ካየችው ትቆማለች። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ፣ እንዳይንኳኳ መዝጊያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትዘጋለታለች።