አባትየውን የሚያጠፋ ኮምፒውተር

ልብስ ሰፊዋ ኮምፒውተር ሱቁ ውስጥ ቆርጣ ነው የገባችው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ዓመት አልፏል። ሄደ ስላችሁ ደግሞ እንደ ሰው ተሰናብቶ እንዳይመስላችሁ፤ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ እልም ነው ያለው። እሷም ከልጃቸው ቪዲዮዎችና ፎቶዎች ውስጥ ነቅላ ልታወጣው ነው። "ልጄ አድጋ ያንን ከሃዲ አታየውም!" ብላለች፤ ማን ይፈርድባታል?

"ለማየት ብቻ ከሆነ ትንሹ ይበቃሻል፣ እህቴ" አለ ባለሱቁ፣ ጥግ ላይ ያለውን ሳጥን መታ መታ እያደረገ። "ቪዲዮ መቁረጥ፣ ፎቶ ማስተካከል ካልሽ ግን ሜሞሪው ከፍ ያለውን ውሰጂ። ትንሹ እየተንቀራፈፈ ያቃጥልሻል።"

"ሰው ማጥፋትስ?"

ባለሱቁ ክው አለ።

"ከፎቶ ላይ ነው ባክህ፣ አትደንግጥ!"

ባለሱቁ ደንበኛው የራሱን ሥራ አምጥቶ ካልሞከረበት አይሸጥም። ቪዲዮዎቹንና ፎቶዎቹን ይዛ የመጣችበትን ፍላሽ ተቀብሎ ትልቁ ላይ ሰካና አንዱን ቪዲዮ ከፈተ። ልጅቷ መራመድ ስትጀምር ነው፤ አባቷ እጇን ይዞ ያስኬዳታል። ባለሱቁ ቪዲዮውን አቁሞ ከዚያው ምስል ላይ አባትየውን ይፍቅ ገባ። ጠፋ። ልጅቷ አንድ እጇን ወደ ላይ እንደዘረጋች ባዶ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

"ይሄማ ይከብዳል" አለ ባለሱቁ። "ያንቺን ፎቶ ስጪኝና በሱ ቦታ እናስገባሽ።"

"የለኝም። ሁሌም የማነሳው እኔ ነበርኩ።"

ባለሱቁ አላመነም፤ ፍላሿን ከላይ እስከ ታች በረበረ። እውነትም አንድም ቦታ የለችም። አባትየው ሲወጣ ልጅቷ ያለ ሰው ያደገች ትመስላለች።

"መልሰው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ምኑን?"

"እሱን።"

መለሰውና ቪዲዮውን አስኬደው። አባትየው ልጅቷን እንደያዘ ቀና አለ። "አየሽልኝ፣ የኔ ዓለም? ተራመደችልሽ እኮ!" ይላል እየሳቀ። ልጅቷን ረስቷታል፤ ዓይኑ ካሜራ የያዘችውን ሚስቱን ነው የሚያየው። አቤት አስተያየት! እንደዚያ ትታይ እንደነበር ጭራሽ ረስታው ነበር። የአንድ ዓመት እልኋ እዚያው ከዳት፤ አፏን በመዳፏ ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ባለሱቁ የሚገባበት ጠፋው። ትልቁን ሳጥን ወደሷ ገፋ አድርጎ "እንግዲህ ይሄን ላሽግልሽ?" አለ፣ ቀስ ብሎ።

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ተወው፣ ትንሹን ስጠኝ" አለችው። "ለማየት ብቻ ነው።"