የመርስዔ ኀዘን ድምፅ

ክንዱ አለበል ባሕር ዳር ውስጥ ከጀልባ መነሻው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቁ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ብዙ ዘመኑ ነው። አሁን አሁን የሚመጣለት ስልክ ብቻ ነውና፣ ፀሐይወርቅ ባለ ትልልቅ ጥቅል የድሮ ቴፕ ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ ደስ አለው።

ፀሐይወርቅ የኮሌጅ መምህርት ናት። ቴፑ የአባቷ ነው። አባቷ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ዘጌ ላይ ዜማ ሲያስተምሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሊያጠና መጥቶ የነበረ የውጭ አገር ሰው ትቶላቸው የሄደው ነው።

«ያለን አንድ የቴፕ ክር ብቻ ነው» አለችው። «ወንድሜ መርስዔ ኀዘን ከአባባ ጋር ሲያዜም የተቀዳ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ክረምት ወባ ገደለው።»

«ከዚያ ወዲህ ሰምታችሁት አታውቁም?»

«አባባ አያስከፍቱንም ነበር። ዘንድሮ ግን በሽታ አንደበታቸውን ያዘው፤ ቀኝ ጎናቸውም አልታዘዝ አለ። ይኸው በግራ እጃቸው ወደ ቴፑ እያመለከቱ ያለቅሳሉ። ክሩን አዲስ አበባ ልኬው ነበር፤ አቀዳዱ ከሌላ ቴፕ ጋር አይገጥምም፣ ጩኸት ብቻ ነው አሉኝ።»

ክንዱ ቴፑን ፈታው። ጥቅሎቹን የሚያዞረው የጎማ ቺንጊያ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ኮንደንሰሮችም አብጠዋል። እነሱን ለወጠ። ከሞተሩ ጎን ግን የክብሪት ሣጥን የምታክል ጥቁር ነገር አገኘ። የሞተሩን ፍጥነት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ፋብሪካው ዙሪያዋን ጠንካራ ሙጫ አፍስሶ ደፍኗታል። ውስጧ ምን እንዳለ አይታይም፤ ላይዋም ላይ የተጻፈ የለም። ስትቀዘቅዝ ትሠራለች፤ ስትሞቅ ትደክማለች። በምትኳ ሌላ ሠርቶ ቢሞክር ሞተሩ እየዘለለ አስቸገረው። ያማከራቸው ባለሙያዎች ሁሉ ከእንደዚሁ ዓይነት ቴፕ ካልተነቀለች በቀር አትገኝም አሉት። የቀድሞዋን መልሶ ገጠማት።

«አርጅታለች» አላት ለፀሐይወርቅ። «እሷን ማደስ አልችልም። ግን ለትንሽ ጊዜ ትሠራ ይሆናል።»

«እንግዲያው አባባን ላምጣቸው።»

መሪጌታን ከዘጌ በጀልባ አምጥታ፣ ደግፋ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ክንዱ ክሩን ከመጫኑ በፊት ስልኳን አወጣች።

«ልቅዳው?»

«ትንሽ ይታገሡ፣ መምህርት። ፍጥነቱን ላስተካክለውና ያን ጊዜ ይቅዱት። ተዛብቶ ቢቀዳ ምን ይጠቅማል?»

ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገችው።

ክሩ ሲዞር ድምፁ እንደ ጫጩት ተንጫጫ፤ በጣም ይፈጥናል። ትክክለኛው ፍጥነት የቱ እንደሆነ ክንዱ አያውቅም። መሪጌታ ግን ግራ እጃቸውን አንሥተው ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ፤ በዝግታ፣ መቋሚያ እንደያዘ ሰው። ክንዱ ገባው። ዓይኑን ከእጃቸው ሳይነቅል ፍጥነቱን የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ አዞረ። ድምፁ ረገብ አለ። እንደገና አዞረ። ዜማውና የሽማግሌው እጅ ገጠሙ።

የልጅ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ትንሽ የሚጣደፍ። ከኋላው ደግሞ የመሪጌታ የጎልማሳነት ድምፅ፦ «አትቸኩል፣ ልጄ።»

ፀሐይወርቅ አፏን በእጇ ያዘች።

ብዙም ሳይቆይ ድምፁ መውረድ ጀመረ። ጥቁሯ ነገር ሞቃለች። የልጁ ድምፅ ወፈረ፤ የጎረምሳ ሆነ። ክንዱ ፍጥነቱን ሊመልስ ካቻቢቴውን ሰደደ። መሪጌታ የእጁን አንጓ ያዙት። የበሽተኛ አያያዝ አልነበረም። ቀና ብሎ ሲያያቸው ወደ እሱ አይመለከቱም፤ ዓይናቸው ቴፑ ላይ ነው። መርስዔ ኀዘን ሙሉ ሰው ሆኖ፣ በወፍራም፣ በረጋ ድምፅ ያዜም ነበር። መሪጌታ ያን ሰው አይተውት አያውቁም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም።

ክንዱ እጁን ሊያስለቅቅ አልደፈረም። ፀሐይወርቅም ስልኩን ረስታዋለች።

ድምፁ ይበልጥ ወረደ፤ ጉርምርምታ ሆነ፤ ቆመ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ።

«ስትቀዘቅዝ ትነሣ ይሆናል» አለ ክንዱ።

ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቁ። አልተነሣችም። ፀሐይወርቅ መሪጌታን ቤቷ ወስዳ ጥቂት ቀን አቆየቻቸው። በማግስቱ ክንዱ ሙጫውን በመጋዝ ሊሰነጥቀው ሞከረ። ሙጫው ሲነሣ ውስጧ ያለው ሁሉ አብሮ ተሰበረ። መዳፉ ላይ ዘርግፎ አየው። የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ እንኳ አይለይም።

መሪጌታ ወደ ዘጌ የሚመለሱ ዕለት ፀሐይወርቅ ሱቁ በር ላይ አቆመቻቸው።

«እንደተሰበረች አልነገርኋቸውም» አለችው በዝግታ። «በየማለዳው ወደዚህ አምጪኝ ለማለት ወደ በሩ ያመለክቱኛል። ምን ልበላቸው?»

ክንዱ ወጥቶ ፊታቸው ቆመ። «መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልቻልሁም። ከእንግዲህ አይሰማም።»

ሽማግሌው አፉን አፉን አዩት። ንግግሩን ገና ያልጨረሰ ይመስል ጠበቁት። ክንዱ ሱቁ ገብቶ ቴፑን አነሣላቸው።

ጀልባው ላይ እግራቸው ሥር አስቀመጠው። ባለ ጀልባው ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል ወደ ክንዱ ዞር አለ።

«ውኃ ቢነካው ይበላሻል?»

መሪጌታ ክንዱን እያዩት ነበር።

«አዎ» አለ ክንዱ፤ ከባለ ጀልባው ላስቲክ ተቀብሎም ቴፑን ዙሪያውን አለበሰው።