እስከ ፈተናው ማግስት

ተረፈ ነው ፈንታውን የሰደበው። የማሻው የእድር ዳኛ ተረፈ፣ በፈንታው ወንድም በመምህር ኃይለሚካኤል አርባ ዕለት፣ ነሐሴ ላይ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ሥር እህል እየቀመሰ ሳለ። ፈንታው ሳህኑን ይዞ መቀመጫ ሲያማትር፣ «የእናቱን ልጅ አፈር ሳያለብስ የቀረ ሰው ለአርባው እንጀራ ግን ቀድሞ ይደርሳል!» አለ አፉን ሞልቶ። የሳቀ አልነበረም። የተቆጣለትም አልነበረም፤ ፈንታውን እስከ ዛሬ አንጀቱን የሚበላው ይኸኛው ነው። የሟች ሚስት የዓለምዘርፍ እዚያው ነበረች። ለምን ለቀብር እንዳልመጣ ታውቃለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ ዝም አለች፤ ልጇ ሔዋን አጠገቧ ተቀምጣ ነበርና።

ፈንታው ስድብ አይረሳም። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ሲያቋርጥ ማን ምን እንዳለው ያውቃል። ሔዋን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በተደገሰው ድግስ ወንድሙ መምህራኑን ሳሎን፣ እሱን በረንዳ ላይ እንዳስቀመጠውም ያውቃል። ሚዛን ተፈሪን በባጃጁ ሽቅብ ቁልቁል ሲላት ለእያንዳንዱ ስድብ መልስ ያዘጋጃል። መልሱ ያምራል፤ ሰሚው ግን ተሳፋሪ ብቻ ነው፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለበት።

ዛሬ ከኋላ የተቀመጠችው ሔዋን ናት። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሹራብ፣ እግሯ ሥር ሻንጣ። ትናንት ከማሻ መጥታ እሱ ቤት አድራለች። የሦስተኛ ዓመት ምዝገባ የሚዘጋው ዛሬ ነው። እናቷ ማለዳ ደውላ፣ «ፈንታዬ፣ የዩኒቨርሲቲውን በር ሳታስገባት እንዳትመለስ። ይቺ ልጅ ትምህርቱን ከተወችው እኔም አልቆምም» ብላዋለች። ሲፈልጉት ፈንታዬ ነው።

ገበያው ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ከራሷ የሚበልጥ ጆንያ እሸት ቡና አስደግፋ እጇን ዘረጋች።

«ወንድሜ፣ ይቺን ይዤ ልግባ?»

«እናቴ፣ ባጃጅ ነው እኮ፣ አይሱዙ አይደለም!»

«አንተ ውረድና እኔ ልንዳው፤ ያኔ ይበቃናል!»

ሔዋን ልትስቅ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። መርዶዋን ከሰማች ወዲህ ሳቅ ባመለጣት ቁጥር እንደ ሰረቀ ሰው ትደነግጣለች።

«ጋሼ፣» አለች ትንሽ እንደሄዱ፣ «ወደ መናኸሪያ ብትወስደኝ ይሻለኛል።»

«ወዴት ልትሄጂ?»

«ቴፒ። አንድ እርሻ ላይ የቡና መዛኝ ይፈልጋሉ።»

«የመምህር ልጅ፣ ሁለት ዓመት ተምረሽ፣ ለመዛኝነት? አባትሽ ቢሰማ...»

«አባቴን አትጥራብኝ!»

አልጠራባትም። መሪውን ጨበጠ፤ ሰኔ ግን ተመልሶ መጣበት።

ሰኔ ላይ ወንድሙ የተሳፈረበት መኪና በጉም ውስጥ ተገለበጠ። የዓለምዘርፍ ያን ዕለት ደወለች። እያለቀሰችም ቢሆን ነገሩን ጨርሳ ነበር። «ሁለት ፈተና ነው የቀራት። መርዶው እስከ ፈተናው ማግስት ይቆይ። አንተም እንዳትመጣ፤ ከጠፋህባት ይገባታል። አደራ!» እንግዲህ መርዶ በስልክ አይነገርም። ፈተና ላይ ላለ ተማሪም አይነገርም፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ፈንታውም እሺ አለ። እሺ ሲል ደግሞ፣ ወንድሙ ሞቶ እንኳ፣ ደረቱ ትንሽ ነፋ ብሎ ነበር። ያ ቤት ከባድ ነገር አምኖ ሲሰጠው የመጀመሪያው ነው።

«የተሰነጠቀውን መስታወት ላሠራልሽ» ብሎ ስልኳን ወሰደ። የዶርም ጓደኛዋን ቤኪን ወሬውን እንዳትነግራት እጇን ይዞ ለመናት። ኃይለሚካኤል ማሻ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወሰድበት ሰዓት እሱ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ለሔዋን የአቮካዶ ጭማቂ አቀበላት፣ ቀልድ ፈልጎም አሳቃት። ከዚያ የባጃጁን ሸራ ግራና ቀኝ ዘግቶ፣ እጁን ነክሶ አለቀሰ። በፈተናው ማግስት «አባትሽን ትንሽ አሞታል» ብሎ ማሻ ይዟት ሄደ። በማግስቱ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ገብተው አረዷት። «ማነው የደበቀኝ?» እያለች ስትጮህ እናቷ ደነገጠች። «ፈንታው ነው» የሚለው ቃል ከአፏ አመለጠ። ካመለጠ በኋላ አልመለሰችውም። በደወለች ቁጥር «እኔ ነኝ ብዬ ዛሬ እነግራታለሁ» ትለዋለች። ዛሬዋ ግን አትመጣም።

ጥበቃዎቹ ባጃጅ በሩ ላይ አያስቆሙም። ታች አቁሞ ሻንጣውን ተሸክሞ ወጣ። ሔዋን በሩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። መርዶው ይደበቅ ያለው ማነው?»

«አሁን ይኼ ምን ይሠራል? ምዝገባው...»

«እማዬ አንተ ነህ ትላለች። ስትለኝ ግን ዓይኔን አታየኝም።» ወደ ፊቱ ዞረች። «አንተ ከሆንክ ገብቼ እማራለሁ፤ አንተን ግን ዳግመኛ አላይህም። እሷ ከሆነች፣ አባቴን እንዳልሰናበት ያደረገችኝ እናቴ ከሆነች፣ በሷ ብር አልማርም። ቤቷም አልመለስም። ቴፒ እሄዳለሁ። ማልልኝ።»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከሰኔ ጀምሮ ምላሱ ላይ ነበር። እናትሽ ናት። በቃ። እኔም ወንድሜን ያልቀበርኩት አንቺን ስጠብቅ ነው። ቢናገረው ስንቱ ይወርድለት ነበር! ግን የዓለምዘርፍ ብቻዋን ማሻ ላይ፣ የወንድሙ ኮት በተሰቀለበት ቤት ስትቀመጥ ታየችው። ይቺ ልጅም የቀረቻት አንዲት እናት ናት። ደግሞስ እሱ ንጹሕ ነው? ያን ዕለት እምቢ ማለት ይችል ነበር። ከዶርም አስጠርቶ፣ እጇን ይዞ፣ «ነይ፣ አባትሽን እንቅበር» ቢላት ፈተናው ለከርሞም ይደርስ ነበር። ቢያንስ አብረው አፈር ይበትኑ ነበር።

ሻንጣውን እግሯ ሥር አስቀመጠ።

«ስሚ...» አለ። «ዚፑ ላልቷል። ከሥር ደገፍ አድርገሽ ያዢው።»

ዞሮ ቁልቁል መንገድ ጀመረ።

«ዝም ትላለህ! ዝም ትላለህ አይደል!» ጩኸቷ ከኋላው መጣ። «በአባቴ የያዝከውን ቂም በኔ ላይ ተወጣህ! ሲስቅ የዋለ ሰው! እኔንም አስቀህ!»

ታች ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች አንገታቸውን አወጡ።

«ፈንታው፣ ኧረ ምን አርገሃት ነው?» አለ አንዱ።

ከበሩ በኩል የጥበቃው ድምፅ «መታወቂያሽን አውጪ እህቴ፤ አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ሲል ሰማ። እግሩ ለማዳመጥ ሊቆም ፈለገ። አላቆመውም፤ ቁልቁለቱን ፈጠን ብሎ ወረደ።