ግቢው የናንተ ይሁን

በታችኛው ኢየሩሳሌም፣ በእኛ ግቢ ለምትኖሩ ሁሉ፣ እርግብ የምታረቡትንም ጨምሮ፦ ስሙ፣ አልሰማንም እንዳትሉ! አንድ ዳቦ፣ ክብ፣ ባንድ ጎኑ ጥቂት ያረረ፣ ዛሬ ዐርብ ከቀትር በኋላ በእትዬ ሸላምጽዮን መደርደሪያ ላይ በክብር ዐርፏል።

ዐዋጁን ያስነገሩት እትዬ ሸላምጽዮን ራሳቸው፣ የሚስቴ እናት፣ አማቴ ናቸው። በሰንበት ዕቃ ከቤት ወደ ቤት ማሻገር ክልክል ነው፤ ሊቃውንቱ ግን ጎረቤት ሁሉ ዱቄት አዋጥቶ፣ አንድ ዳቦ ጋግሮ፣ አንድ ቤት ካኖረ ግቢው እንዳለ አንድ ቤት ይሆናል ብለዋል። ይህ የትም አልተጻፈም። ከአፍ ወደ አፍ የወረደ ነው። ከአማቴ አፍ ሲወርድማ ናዳ ነው።

እኔ የሦስት ቀን ሙሽራ ነበርኩ። ለመጀመሪያው የሰንበት ራታችን እንግዶች ተጠርተዋል። ባቄላ በበግ ሥጋ የተሠራበት ድስት ግን ከግቢው ማዶ፣ አማቴ ቤት፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ ገለባ ውስጥ ተቀብሯል፤ ከራት ሰዓት በፊት ከወጣ ይቀዘቅዛል። እኛ ወደ ድስቱ እንዳንሄድ፣ ሚስቴ የሙሽርነት ሳምንቷ ሳይሞላ እናቷ ቤት ከታየች "ተፈታች" ይባላል። ድስቱ ካልመጣ የሠርጌ ድግስ ሽንኩርትና ሐፍረት ሊሆን ነው።

እንቅፋቱ ጎረቤታችን አባ ቦኤቶስ ናቸው። ሰዱቃዊ ናቸው፤ ከተጻፈው ኦሪት በቀር አንዲት ቃል አይቀበሉም። "እሳት አታንድዱ" ተብሎ ስለተጻፈ ዐርብ ማታ መብራታቸውን አጥፍተው፣ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ጥሬ ሽንኩርት ይቆረጥማሉ። በዳቦው ስለማያምኑ፣ በግቢው ላይ ያላቸውን ድርሻ ፀሐይ ሳትጠልቅ በቃላቸው ካልለቀቁልን፣ የአማቴ ዳቦ ያው ዳቦ ብቻ ነው።

አማቴ በራቸውን አንኳኩ። እኔ ከኋላ ተሸጎጥኩ።

"አባ ቦኤቶስ፣ እባክዎ ድርሻዎን ይልቀቁልን። ለዚች ሰንበት ብቻ።"

"የት ተጽፏል?"

"ምኑ?"

"ዳቦ ግድግዳ ያፈርሳል ተብሎ ነዋ!"

"እሺ ይሁንልዎ። 'በሰባተኛው ቀን ማንም ከስፍራው አይሂድ' ተብሎስ አልተጻፈም?"

"ተጽፏል!" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

"ታዲያ ባለፈው ሰንበት በማለዳ ወደ ሽንት ቤት ሲሮጡ ያየሁት ማንን ነው? ሽንት ቤቱ ያለው እዚያ ጥግ ነው።"

አባ ቦኤቶስ ጢማቸውን ያዙ። "እሱማ... እስከዚያ ድረስ ይፈቀዳል።"

"የት ተጽፏል?"

"አባቴ ነው የነገረኝ።"

"ጽፎ ሰጠዎት?"

"ምን ይጽፋል! ነገረኝ አልኩሽ እኮ።"

"በአፉ?"

አንዲት ጎረቤት ከመስኮቷ፣ "በአፉ ነዋ፣ በጆሮው ሊነግራቸው ነበር እንዴ?" ስትል ሳቁ ከየበሩ ፈነዳ።

"ሂጂልኝ አንቺ ሴትዮ! ግቢው የናንተ ይሁን! ውሰዱት! ድንጋዩንም ጨምራችሁ ውሰዱት!" ብለው በሩን ጠረቀሙት።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰማህ? ለቀቁ።"

"ተናደው እኮ ነው።"

"ንዴትም የሚወጣው በአፍ ነው። ና፣ ድስቱን ያዝ!"

መቸኮላችን ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰንበት ከገባ በኋላ አባ ቦኤቶስ ቀድመውን አንዲት ማንኪያ እንኳ ወደ ግቢው ካወጡ፣ የለቀቁትን መልሰው ወሰዱ ማለት ነው። ስለዚህ የሰንበትን መግባት የሚያበስረው የመጨረሻው መለከት ከመቅደሱ ሲነፋ፣ አማቴና እኔ ድስቱን ግራና ቀኝ ይዘን፣ ገለባ እያንጠባጠብን ግቢውን አቋረጥን። እጄን ለበለበኝ። ወደ ሙሽራዬ እንኳ እንዲህ አልሮጥኩም። የአባ ቦኤቶስ በር አልተከፈተም።

ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ማንንም ሳያስፈቅድ ግቢውን ዞረ። ለሽታ ዳቦም ስምምነትም አያስፈልገው። እንግዶቹ መድገም ሲጀምሩ መጋረጃው ተገለጠና አባ ቦኤቶስ ብቅ አሉ። ከጨለማ ስለመጡ መብራታችን ዓይናቸውን አጭበረበረው። በእጃቸው፣ ከቤታቸው ያመጡት ባዶ ሳህን አለ።

ሰዱቃዊ፣ በሰንበት፣ ዕቃ ይዞ፣ ግቢ አቋርጦ!

የአማቴ ጭልፋ አየር ላይ ቆመ።

"አባ ቦኤቶስ፣ ይሄ ሳህን እንዴት ብሎ ተሻገረ?"

"አልናገርም።"

"ኧረ ለመሆኑ የት ተጽ..."

"አልናገርም አልኩሽ! ሥጋው ካለበት በኩል ጭለፊ።"