ውሾቹ የሮጡበት የሐዘን ሳምንት

«ባልሽ ገና አፈር ሳይለብስ ሁለተኛ ሳህን ታስቀጃለሽ?» አለች አደልጉንደ።

ሲዶኒ ማንኪያዋን አላስቀመጠችም። የገብስ ሾርባው ትኩስ ነበር፤ በጭስ የደረቀው የአሳማ ሥጋም ተቆራርጦ ቀርቧል። «ርቦኛል» አለች ዝግ ብላ። የሟቹ እህት አደልጉንደ በትዝብት ከንፈሯን መጠጠች። ጥቁር ጨርቅ በለበሰው አዳራሽ የተደረደሩት ለቀስተኞች ወደየሳህናቸው አቀረቀሩ።

ባሏ ሉዶልፍ፣ ግራፍ የሚባል ማዕረግ ያለው ባላባት፣ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። አስከሬኑ በጸሎት ቤቱ ተጋድሟል፤ የሚቀበረው እሑድ ነው። ግዛቱ ሦስት መንደርና አንድ ትልቅ ደን ብቻ ቢሆንም፣ ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር በላዩ አዛዥ አልነበረበትም። ይህን ደግሞ ማንም ለአንድ ቀን እንኳ እንዲረሳ አልፈቀደም።

ሲዶኒን ያሳፈራት ረሃቧ ብቻ አልነበረም። ትናንት ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ተኝታለች። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳሯ እንዲህ ተኝታ አታውቅም። የባሏን የጫማ ኮቴ በሰማች ቁጥር፣ ዛሬ ደግሞ የሚቆጣው ማንን ይሆን እያለች ነበር የምትነቃው።

ለቅሶ የመጡት ገበሬዎችም የሐዘን ፊት ማምጣት ቸግሯቸዋል። የመንደሩ ሹም ብሬምዘር ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያዟዟረ፣ ጌታው ታላቅ አዳኝ እንደነበሩ ተናገረና ሌላ የሚለው ጠፋው። አልዋሸም። ግራፉ ከሰው ይልቅ ለደኑ አውሬ ይሳሳ ነበር። የዱር አሳማ የገበሬውን አጃ ሲገለብጥ ድንጋይ የወረወረ ይታሰራል። የመንደር ውሾችም አውሬ እንዳያባርሩ በየአንገታቸው ከባድ እንጨት እንዲንጠለጠል አዝዞ ነበር፤ ሊሮጡ ሲሉ እንጨቱ ጉልበታቸውን ይመታቸዋል።

ከስድስት ዓመት በፊት ማቴስ የሚባል ገበሬ የውሻውን እንጨት ፈትቶ አሳማዎቹን ከማሳው አስባረረ። ግራፉም ክረምቱን ሙሉ አሰረው። ያኔ ዩስቲነ፣ የግራፉ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በእንግዶች ፊት ቆማ ሰውየውን እንዲፈታው አባቷን ለመነችው። እምቢ ሲላት፣ «ሲሞቱ የሚያለቅሱልዎ አሳማዎቹ ናቸዋ» አለችው። በማግስቱ ከግዛቱ ውጭ ወዳለ የመኳንንት ሴቶች ገዳም ተላከች። ከዚያ ወዲያ ስሟ በማዕድ ላይ አልተነሣም። እናቷም አላነሣችውም።

አሁን ግዛቱን የወረሰው ታናሽ ወንድሟ ካሲሚር ነው። አባቱ በሞተ ዕለት ሁለት ትእዛዝ ሰጠ፦ የውሾቹ እንጨት እንዲፈታና ለእህቱ ሠረገላ እንዲላክ። ወዲያው ከየማሳው አውሬ የሚያባርሩ ውሾች ጩኸት ይሰማ ጀመር። አደልጉንደ ለወንድሟ ክብር ሲባል እስከ ቀብሩ እንኳ እንዲታሰሩ ብትጠይቀው፣ «አክስቴ፣ ስንት ዓመት ሳይሮጡ ኖረዋል፤ ይሩጡበት» አላት።

ከሰዓት በኋላ ሠረገላው ደረሰ። ዩስቲነ ከስታለች፤ አንገቷ ግን እንደ ድሮው ቀና ያለ ነው። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ቆዩና ከለቀስተኞቹ ራቅ ብለው መስኮት ጥግ ተቀመጡ።

«አለቀሱ?» አለች ልጅቱ።

«አላለቀስኩም። ተኛሁ፤ በላሁ። ምን ዓይነት ሴት ነኝ?»

«እኔም ወሬው ሲደርሰኝ ተነሥቼ መስኮቴን ከፈትኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልመጣልኝም።»

ተያዩና ሳቅ አመለጣቸው። መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አደልጉንደ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ አይታ፣ ተመስገን፣ ለቅሶው መጣላቸው ብላ አማተበች።

ሳቁ ሲበርድ ሲዶኒ የልጇን እጅ ያዘች፤ ሳትነግራት ማደር አልቻለችም። ግራፉ አልጋ ከያዘ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ሠረገላ እንዲጠመድ ያዝዝ ነበር፤ ዩስቲነን እንዲያመጡለት። ቀትር ላይ ደግሞ ፈረሶቹ እንዲፈቱ ያዝዛል። አምስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ።

«ለምን ያስፈታቸው ነበር?»

«ይቅርታ ሳትጠይቀኝ አልልክባትም ይላል። ሲነጋ ግን 'ተጠመዱ ወይ?' ይላል። እኔ ለባለ ሠረገላው አንዴ ሂድ ብለው ይሄድ ነበር፤ አላልኩም። ፈራሁት፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ዩስቲነ እጇን አላስለቀቀችም። «እኔም ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ» አለች። «ሁላችንም ፈርተነዋል፤ ራሱም ሳይፈራ አልቀረም። አሁን ልየው።»

ብቻዋን ወደ ጸሎት ቤቱ ገባች። አባቷ አረንጓዴ የአደን ካፖርቱን ለብሶ ተጋድሟል፤ እንደምታስታውሰው ግዙፍ አልነበረም። ከራስጌው ሻማ የተንጠባጠበ ሰም እጅጌው ላይ ደርቋል። ጎንበስ አለችና ጨርቁ እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀች በጥፍሯ ፋቀችው። የቀረውን ፍርፋሪ እፍ ብላ አራገፈች፤ ከዚያ እጅጌውን እስከ አንጓው ሳብ አድርጋ አስተካከለችለት።