በትንፋሽ የተባለ አዎ

አዎ ለማለት ቃል የማናባክን ሰዎች ነን፤ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ ካደረግን በቃ፣ ተስማምተናል። ይታገሱን ጉድ የሠራው ይኸው ትንፋሽ ነው።

ይታገሱ ከወልድያ እየተነሳ መስማት ለሚቸግራቸው ተማሪዎች የጆሮ መሣሪያ የሚገጥም ባለሙያ ነው። ባለፈው መስከረም መርሳ ወርዶ፣ ለአራተኛ ክፍሏ ለቶይባ ገመድ አልባ መቀበያ ከጆሮ መሣሪያዋ ጋር ገጠመላት፤ ማይክሮፎኑን በመምህርቷ በዘነበች አንገት አንጠለጠለው። መምህርቷ ስትናገር ድምፅዋ በቀጥታ ቶይባ ጆሮ ይገባል፤ ጫጫታው እንዳይረብሻት ሌላው ድምፅ ሁሉ ይዘጋል። «ይሰማሻል?» አላት። ልጅቷ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ቅጹ ላይ «ተረጋግጧል» ብሎ ጽፎ ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ግን የፈሰሰውን ለማየት እንኳ የተመለሰው በግንቦት ነው፤ ያውም ሦስተኛ ትወጣ የነበረችው ቶይባ ከክፍሉ መጨረሻ ሆነች የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው።

አሁን በወጉ ሊፈትን ተነሳ። ቶይባ ከንፈሯን እንዳታይ ዘነበችን ከነማይክሮፎኗ ውጭ፣ ከግድግዳው ጀርባ አቆማት፤ የቃላት ዝርዝርም ሰጣት። እሱ ሰሌዳው ላይ «የሰማሽውን ሁሉ ድገሚ» ብሎ ጻፈ። ዘነበች ማንበብ ጀመረች። ቶይባ ዝም። ፊቱን አየት አደረገችና ፈገግ ብላ ትንፋሿን ሳበች።

መቀበያውን ነቅሎ አየው። ማይክሮፎኑ በአንድ ቻናል ይልካል፣ መቀበያው በሌላ ቻናል ይጠብቃል። ስምንት ወር ሙሉ! ትንሽ ትንሽ ትሰማ የነበረችውን ልጅ ክፍል በገባች ቁጥር ድፍን አድርጎ ሲዘጋት ከርሟል። እሷም ሰው እንዳይከፋው አዎ፣ አዎ ስትል ከርማለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ቻናሉን አስተካክሎ መልሶ ሰካላት። ልጅቷ ደንገጥ አለች።

«ወንበር» አለች። «ዝናብ… ቁልፍ…»

ይታገሱ እንባው መጣ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሽ ኑርሁሴን» አለች ቶይባ ቀጥላ።

ይህ ዝርዝሩ ላይ የለም። ኑርሁሴን አባቷ ናቸው፤ ውጭ ዘነበች ጋ መጥተው ኖሯል። ዘነበች ማይክሮፎኑን ረስታዋለች፤ ቶይባ ደግሞ የታዘዘችውን አልረሳችም።

«እኔም ልነግርዎ ነበር… ጆሮዋ ብቻ መስሎኝ… ጭንቅላቷም አይቀበልም… በከንቱ አናድክማት… መሸኛዋን እሰጥዎታለሁ፣ ይውሰ…»

እዚህ ላይ የቶይባ ድምፅ ቆመ።

ይታገሱ ተንደርድሮ ወጣ። «ጋሽ ኑርሁሴን፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ልጅቷ ምንም አልጎደላትም፤ ቻናሉ ነው፣ አሁን ተስተካክሏል፣ አረጋግጫለሁ!»

ዘነበች እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ ማይክሮፎኑን ጨበጠችው። ሽማግሌው ግን ይታገሱን ረጋ ብለው አዩት።

«በመስከረምም ተረጋግጧል ብለህ ጽፈህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉት። «አላህ ይቅር ይበልህ። እኔ ግን ልጄን ሁለተኛ ለሰው መሳቂያ አልሰጥም።»

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ቶይባ ሁለቱንም መሣሪያ አውልቃ ዴስኩ ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ ደብተሮቿን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን እንድታነብ ቀስ እያለ፣ «ያሉትን ሰምተሻል እንዴ?» አላት።

ይህን ጊዜ ትንፋሿን አልሳበችም።

«አልሰማሁም» አለችው።