ሩታ የበላችው ግጥም

ሩታ ግጥሙን በላችው። እውነቴን ነው፣ ከነወረቀቱ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እያያት!

ቆይ ከመጀመሪያው ላውራላችሁ። ሱሉልታ ነው፣ 2008፣ ያ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ የተረበሸበት ጊዜ። የሩታ እናት ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ገርባ ደግሞ የኦቦ ኦዳ ልጅ ነው፤ እርሻቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ። ዝምተኛ፣ ሯጭ ልጅ። እሱ ነው እንግዲህ እንዲህ ብሎ የጻፈላት፦

ታክሲው ሞልቶ ሄደ፣ ቀረሁኝ ከደጅሽ፤
ከደጅሽ ልቆይ ወይ፣ ሰላም እስኪል እጅሽ።

ልቧ ጥፍት። እና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቲቸር ኢቲቻ አንድ ግጥም መርጣችሁ ቤት አመታቱን፣ ምጣኔውንና ድግግሞሹን ተንትኑ ሲሉ፣ ሁሉም ከመጽሐፉ ሲገለብጥ እሷ የገርባን ሠራች። ስሙን አልጻፈችም፣ አፍራ። በጣቷ ብትቆጥር ስድስት ስድስት ቀለም ሆነላት። ቤቱም «ጅሽ» ላይ ይመታል። የሞተችለት ግን አንዱ ስንኝ ያለቀበት ቃል ቀጣዩን መጀመሩ ነው። በቀይ አሰመረችበትና ከታች «እንዲህ የሚጽፍ እሱ ብቻ ነው» ብላ ጨመረች። ቲቸር አስር ከአስር ሰጥተው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፉላት።

ማክሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ።

እርሻው ተለካብን፣ ሳንሰማ በድንገት፤
በድንገት ቢያስነሱን፣ የታል ሌላ መሬት።

ስም የለውም። የሩታ ጣት ሳታዘው መቁጠር ጀመረ። ስድስት፣ ስድስት። በ«በድንገት» አለቀ፣ በ«በድንገት» ጀመረ። የገርባ ነው!

ተማሪዎቹ ሰልፍ ላይ እንዳሉ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከዳይሬክተሩ ጋር ገቡ። አንደኛው ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥሎ ይዞ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሄደ። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ ያነባል። የፈተናውን ፕሮግራም ጨረሰ። የሩታ ቀጥሎ ነው፤ ቀዩ መስመር ከሩቅ ይጣራል። ያሰመረችው ደግሞ ራሷ!

ሮጠች። ቦጨቀችው፣ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ አኘከችው። የእስክሪብቶው ምሬት አይነገርም።

ሰውየው አልተቆጣም፤ የሚያስፈራውም ያ ነው። እስክትውጥ ጠበቃት።

«የፍቅር ደብዳቤ ነው» አለች። «እናቴ ጴንጤ ናት፣ ካየችው ትገድለኛለች።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየውም ፈገግ አለ። ቲቸር ኢቲቻን ምን እንደነበር ቢጠይቃቸው፣ የብዙ ልጅ ወረቀት ስለማርም አላስታውስም አሉ፤ የያዙት ጠመኔ ግን እጃቸው ላይ ተሰበረ።

ነገሩ አለቀ ስትል ሰውየው ጎንበስ አለ። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥግ ቀርታለች፣ ከነሚስማሯ። የመጨረሻዋ መስመር። ጮክ ብሎ አነበባት።

«እንዲህ የሚጽፍ እሱ ብቻ ነው።» በእጁ የያዘውን የግድግዳውን ወረቀት አየ፣ ከዚያ እሷን። «እሱ ማነው፣ የኔ ልጅ?»

ገርባ ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣ። ሩታ በዓይኗ ተመለስ አለችው፤ አልተመለሰም። የሌላ ልጅ ስም ብትጠራ ያ ምስኪን ይታፈሳል። እኔው ነኝ የጻፍኩት ብትል እሷን ይወስዳሉ። ዝም ብትል ደግሞ ገርባ ሁለተኛውን እርምጃ ሊራመድ እግሩን አንስቷል።

እስቲ እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?